አፈሙዙን ያላየ ገዢ

ለመሆኑ አንባቢዬ፣ በደጉ ጊዜ ማንም ዞር ብሎ ያላየው የቤትዎ ዕቃ፣ ክፉ ዓመት ሲገባ ድንገት ጠያቂ መጥቶበት ያውቃል? ዕቃው ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሶ የኖረ ነው። ጎረቤት አይዋሰውም፤ ሌባ እንኳ አይመኘውም። ከዚያ ዝናብ ይቀራል፣ ጎተራው ይራቆታል፣ አንድ ቀን የማያውቁት ሰው በር ላይ ቆሞ «ያን ነገር ትሸጡታላችሁ?» ይላል። ደርሶብዎት ከሆነ፣ ከዋጋው በፊት ወደ ልብዎ የገባውን ጥያቄ አይረሱትም፤ ይህ ሰው እኔ የማላውቀው ምን ያውቃል?

እኔ ይህን ያየሁት ሰቆጣ ነው። መምህር ሆኜ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፣ በሰሜን ድንበር ጦርነቱ የተነሳበት ሰሞን። ዕቃው ደግሞ ጠመንጃ ነበር።

መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቅ። የተከራየኋት ክፍል ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ላይ ባለ አንድ የገበሬ ግቢ ውስጥ ነበረች። ባለቤቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ «አያ» እላቸው ነበር፣ በዚያ አገር ትልቅ ሰው እንደሚጠራው። ሚስታቸውን «እናቴ» እላቸው ነበር። ሁለቱም ከእኔ ጋር አማርኛ፣ እርስ በርሳቸው ኽምጣኛ ይናገራሉ። አንድ ነገር ቶሎ ተማርሁ፦ ወሬው ስለ አየር፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ትምህርት ቤት ከሆነ አማርኛው ይቀጥላል፤ ዋጋ የተነሳ እንደሆነ ግን ኽምጣኛ ይገባል። ያን ጊዜ እኔ ጂኦግራፊ ወደማርምበት ወረቀቴ አቀረቅራለሁ።

አያ አንድ ቀይ በሬ ነበራቸው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይቀናጁ ነበር፤ አንድ ቀን ለእርሳቸው፣ አንድ ቀን ለእርሱ ይታረሳል። እንዲህ ያለውን ባልንጀራ «ቅንጃ» ይሉታል። የአያ ቅንጃ በዕድሜ ከእርሳቸው የሚያንስ፣ አፉ የማያርፍ፣ ዓይኑ ደግሞ ከአፉ የሚፈጥን ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ማለዳ ማለዳ እየመጣ እጅ ይነሳና፣ «እንደምን አደራችሁ» ሲል ፊቱ ወደ በረቱ ይዞራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አያ በሬያቸውን ከሸጡ የእርሱም በሬ ሥራ ፈት ሆነ ማለት ነው። ክረምቱ ሲገባ ሁለቱም መሬታቸውን ጥማድ ላለው ሰው ለእኩል ይሰጣሉ፤ ከራሳቸው ማሳ ግማሹ ለሌላ ጎተራ ይገባል። በሬ የሌለው ገበሬ ድርቁ ካለፈ በኋላም በድርቅ ውስጥ ይኖራል።

«ምን እያየህ ነው?» ይሉታል እናቴ።

«ከብቱን እጅ እየነሳሁ ነው።»

«እሱ ሌሊት አልተሸጠም። ግባና ተቀመጥ።»

ጥያቄው ይህ ነበር እንግዲህ፦ ቀዩ በሬ እስከ ዝናቡ ይቆያል ወይስ ይሸጣል? ሣር የለም። የገብሱ ጭድ አልቋል። እናቴ የበለስ ቁልቋል እሾኹን በእሳት እየለበለቡ ይከትፉለት ጀምረዋል። የእርዳታው ስንዴ ለሰው ነው፤ በሬ ከእርዳታ መዝገብ ውስጥ የለም። ጭድ ለመግዛት የሚሸጥ ነገር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ የመጣው ነገር አይገባም። በክፉ ዓመት ሰው የሚሸጠው በተርታ ነው። ፍየልና በግ ይቀድማሉ፤ በዚያው አገር ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ በኩል እየተነዱ ሲመጡ ገበያው በአቧራ ይጨልማል። ሁሉም ሻጭ ነው፤ ገዢው ጥቂት። የፍየል ዋጋ ሲወርድ የእህሉ ወደ ላይ ይወጣል። ፍየሉ ሲያልቅ አህያው፣ ከአህያው በኋላ የሴቶቹ የብር ጌጥ፣ ከጌጡ በኋላ ጠመንጃው ይወጣል። ጠመንጃ እንዲዘገይ የሚያደርገው ክብር ነው፤ ወንድ የአባቱን ጠመንጃ ሸጠ ሲባል ለልጁ ጋብቻ የሚጠይቁት ሰዎች እንኳ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ግን ይወጣል። ሲወጣም እንደ ፍየሉ ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይወጣና ዋጋው ይሰበራል።

ይህን ሁሉ ለአያ አስረድቼ ነበር፣ በጣቴ መሬት ላይ እየሣልሁ። በትዕግሥት ሰምተው «ታዲያ ይህን የማያውቅ ማን አለ?» አሉኝ።

የአያ ጠመንጃ ውጅግራ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከአባታቸው የወረሱት ረጅም የፈረንጅ ጠመንጃ። ከመደባቸው ራስጌ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። እንጨቱ ጠቁሯል። ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በጥሬ ጠፍር ታስሯል፤ ጠፍሩ ደርቆ ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ሰደፉ ላይ በካራ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል አለች። ብረቱ ዝጓል። ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰው በቅንጃው ሠርግ ላይ ሲሆን፣ ያኔም ሁለት ጊዜ ከሽፎ ሙሽራው ራሱ «ተዉት፣ ሚስቴ ታመልጣለች» ብሎ ነበር ይባላል።

ገዢው የመጣው በገበያ ቀን ነው። ጎልማሳ፣ ጫማው ንጹሕ፣ አነጋገሩ የወልድያ በኩል። ማን እንደላከው አልተናገረም፤ «ሰው ጠቁሞኝ ነው» ብቻ አለ። ሰቆጣ ውስጥ «ሰው ጠቁሞኝ ነው» የሚል እንግዳ ወዲያው በዓይን ይፈተሻል። እናቴ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቅንጃውም ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከበስተኋላው ገባ።

«ያ ጠመንጃ የማን ነው?» አለ ገዢው።

«የአባቴ ነበር፤ አሁን የግድግዳው ነው» አሉ አያ።

«ባወርደው ቅር ይልዎታል?»

«ከባድ ነው፤ ልብስህ ይቆሽሻል።»

አወረደው። ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ሄደ። አሁን ልብ ይበሉልኝ፤ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የኋላውን ብረት ስቦ ይከፍታል፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ውስጡን በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ምላጩን ይስባል። ይህ ሰው አንዱንም አላደረገም። አውራ ጣቱን በጥቁሩ እንጨት ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። ጠፍሩን አሸተተው። መስቀሏን እየነካ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ ዋጋ ጠራ፤ በደጉ ጊዜ አንድ ጥሩ ወይፈን የሚገዛ ዋጋ። ያኔ በገበያው ክላሽ እንኳ ወርዶ በነበረበት ሰሞን፣ ለከሸፈ ውጅግራ።

አያ ፊታቸው አልተለወጠም። «ልሰብበት» አሉ።

«ያስቡበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመኪና ጋር እመለሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ አባቴ፤ እንዳለ ይቆይልኝ። አትንኩት።»

ወጣ። ከዚያ ቅንጃው፣ «አትንኩት?» አለ። «ምን ማለት ነው አትንኩት?»

«በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ አይገዛም» አሉ እናቴ። «ይህ ጥርሱን አላየም። ዓይኑን አላየም። ቀንዱን ዳብሶ ሄደ።»

«እሱ የሚፈልገው ጠመንጃውን አይደለም፣ እትዬ። ውስጡን ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

ቅንጃው ወደ እኔ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያም ወደ ኽምጣኛ ገባ። እኔ ወረቀቴን አነሳሁ። ነገር ግን «ወርቅ» የሚለው ቃል በየትኛውም ቋንቋ መሐል ሲገባ ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ በጣልያን ጊዜ ሰዎች ወርቃቸውን ሰደፍ ውስጥ ቀብረው ይዞሩ ነበር የሚል ወሬ በአገሩ አለ። የአያም አባት ገንዘባቸው የት እንዳለ ለማንም ሳይናገሩ የሞቱ ሰው ናቸው። ቅንጃው እነዚህን ሁለት ነገሮች ገጣጠማቸው። ገዢው «አትንኩት» ያለውም፣ በእርሱ አስተያየት፣ ሰደፉን እንዳንከፍት ነው።

እኔም ሰውየውን አላመንሁትም፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። በክፉ ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠራ ገዢ ሲመለስ ሊያወርደው ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ሻጩ ለሌላ እንዳይሸጥ ያስረዋል፤ በሁለት ሳምንት ረኀቡ ይጨምርበታል፤ ከዚያ የፈለገውን ይሰጠዋል። ይህን ላጣራ ብዬ በሚቀጥለው ገበያ ወደ ደላሎቹ ሄድሁ። ጠመንጃ እንደ ፍየል ተጎትቶ ገበያ አይወጣም። ሻጩ አንድ ቀለህ፣ ባዶ የጥይት ቀፎ፣ በእጁ ይዞ ይቆማል፣ የምን ጠመንጃ እንደሆነ የሚያውቅ በቀለሁ ያውቃል። ድርድሩ በጋቢ ሥር ነው፣ ጣት በጣት ተይዞ፤ የተያዘው ጣት ቁጥር ዋጋው ነው፤ ከውጭ የሚታየው የጋቢው መወዝወዝ ብቻ ነው።

አንዱን ደላላ፣ «የውጅግራ ዋጋ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አልሁት።

«ለምንህ ነው፣ መምህር?»

«ለማወቅ ያህል።»

«ተማሪዎቹ አስቸገሩህ እንዴ?»

ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አንዱ ቀለሁን በኪሱ ከተተ፤ አንዱ ሰዓት ሳይኖረው፣ ሰዓት ያየ ይመስል ክንዱን አይቶ ሄደ። ከሌላ አገር የመጣ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ የጠመንጃ ዋጋ ለማወቅ ያህል እየጠየቀ። በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም እሄድ ነበር። ደላላው ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ እያዛጋ፣ «ውጅግራ ዋጋ የለውም። ጥይቱን የሚሞላልህ ሰው ዝቋላ ነው ያለው፤ እሱም አርጅቷል» አለኝ።

ይህን ለአያ ነገርኋቸው። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ወሬው ግን የቅንጃውን ሐሳብ አጠነከረለት። «አያችሁ? ገበያ ላይ ዋጋ የለውም። እሱ ግን ወይፈን ጠራ። ታዲያ ወይፈኑን ለምን ይሰጣል?»

በማግስቱ አያ ጠመንጃውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዱ። ቅንጃው ተከተለ፤ እኔም ቅዳሜ ስለነበር ተከተልሁ።

ቀጥቃጩ ሰደፉን የያዘውን ብረት ለመፍታት መጀመሪያ ጠፍሩን መቁረጥ አለብኝ አለ፤ እንጨቱ ካልተላቀቀ አይከፈትም። ቆረጠው። ደረቁ ጠፍር ሲቆረጥ እንደ ሸክላ ተሰባበረ። ብረቱ ተፈታ። በሰደፉ ውስጥ አንዲት ጉድጓድ ነበረች። ቀጥቃጩ በወስፌ ቆፍሮ አወጣው፤ የደረቀ ሰም፣ ከሰሙ ሥር የበሰበሰ ጨርቅ። ቅንጃው ጨርቁን ተቀብሎ ፈታው፣ ገለበጠው፣ አራገፈው፣ አሸተተው።

«ወርቁ ሸተተህ?» አለው ቀጥቃጩ።

«ቀድሞ የከፈተው ሰው አለ» አለ ቅንጃው፣ ቀጥቃጩን ትክ ብሎ እያየ።

«እኔ ነኛ። ለዚህ ነው በዚህ ሁሉ ሀብት መሐል ተቀምጬ የምታየኝ» አለ ቀጥቃጩ፣ በቀዳዳ ወናፉ ላይ እንደተቀመጠ።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። ገዢው «አትንኩት» ብሏል፤ እኛ ነክተነዋል። ሲመለስ ያውቅብናል፣ እንደ ሌባ ያየናል፣ በዚያ ሰበብ ዋጋውን ይሰብራል። ቀጥቃጩ መፍትሔ ነበረው፦ ሁሉንም አዲስ ማድረግ። ሁሉም አዲስ ከሆነ የተከፈተው ቦታ አይለይም። ደግሞ የተጠገነ ዕቃ ካልተጠገነው ይበልጣል፤ ይህን አራታችንም ያለ ክርክር ተቀበልነው። ለእኛ ጠመንጃ የሚተኩስ ነገር ነው። የሚተኩሰው ከማይተኩሰው፣ የሚያበራው ከዛገው ይበልጣል። ማረሻም እንደዚያው ነው፤ ማጭድም።

ስለዚህ ጥቁሩ እንጨት በጠርሙስ ስባሪ ተፋቀ፣ ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ዝገቱ በአመድና በአሸዋ ታሸ። ሰደፉ ሲለሰልስ መስቀሏ ጠፋች። በዚያ ሰሞን ከሞተች ፍየል ቆዳ ላይ አዲስ ጠፍር ተተልትሎ ታሰረበት፣ ነጭ ሆኖ። መጨረሻ ላይ እናቴ ከእርዳታው ዘይት ጥቂት ሰጡና ብረቱ ተቀባ። ምላጩ ሲሳብ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ሙሽራ መሰለ» አሉ እናቴ።

«አሁን ሁለት ወይፈን ነው» አለ ቅንጃው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ሲመጣ ከበረቱ በፊት ግድግዳውን ያይ ጀመር።

ገዢው ባለው ሳምንት መጣ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ መምጣቱ ራሱ አስጠረጠረኝ። ገብቶ ሰላም አለ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሳይፈቀድለት በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

«ምን አደረግነው?» አሉ አያ። «አጸዳነው።»

«አትንኩት ብዬ ነበር።»

«እሱማ ብለሃል» አለ ቅንጃው። «ለምን እንዳልህም ደርሰንበታል።»

ሰውየው አልገባውም። ጠመንጃውን እንኳ ሳያወርድ አዲስ ዋጋ ጠራ። የሁለት ፍየል ዋጋ፣ ያውም የድርቅ ፍየል።

ቤቱ ውስጥ ቁጣ ተነሳ። ቅንጃው ቆመ። እናቴ፣ «ስንከሳ ጠብቀህ መጣህ» አሉት። እኔም የጠረጠርሁት ደረሰ ብዬ፣ «መጀመሪያ ከፍ አድርገው የጠሩት፣ ለሌላ እንዳይሸጥ ለማሰር ነበር» አልሁት።

ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት? የቅርስ ቢሮ ሰው ነዎት?»

«መምህር ነኝ።»

«ገበያ ላይ የጠመንጃ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አለ ያሉኝ እርስዎን ነዋ። በእርስዎ ምክንያት ትናንት አንድም ሰው በሩን አልከፈተልኝም።»

ይህን ብሎ ወደ አያ ተመለሰና በዝግታ ማስረዳት ጀመረ። ማስረዳት የሚወድ ሰው ሲያስረዱት ደስ አይለውም፤ ግን አዳመጥሁ። ጠመንጃ ቢፈልግ ክላሽ ይገዛ ነበር። እርሱ የሚያቀርበው ላሊበላ ላሉ፣ አሮጌ ዕቃ ለጎብኚ ለሚሸጡ የእንግዳ ሱቆችና ግድግዳቸውን ማስጌጥ ለሚወዱ ባለ ሆቴሎች ነው። እነርሱ የሚከፍሉት ለጥቁረቱ ነው፤ እንጨቱን ያጠቆረው የአያ አባት እጅ ነው፣ ጠፍሩን ያደረቀው ዘመኑ ነው፣ መስቀሏንም ማን እንደቀረጻት ይወራላታል። «ይህ አሁን ትናንት የተሠራ ይመስላል። የቱንም ብምል ማንም አያምነኝም» አለ። «ሁለተኛ፣ ጦርነቱ ብሷል። ፈረንጅ አይመጣም። ሱቆቹ የያዙትንም አልሸጡ። ባትነኩት ኖሮ እንኳ ያን ዋጋ ዛሬ አልደግመውም ነበር፤ ግን ከዚህ ይሻል ነበር።»

በዚያች ቅጽበት ስለ ዋጋ የማውቀው ነገር ግማሽ መሆኑ ገባኝ። ድርቅ እዚህ ሲመጣ ሻጩ ይበዛል፤ ይህን አውቅ ነበር። የአሮጌ ነገር ገዢ ግን ከእኛ ጋር አይራብም። የእርሱ ዝናብ እንግዳ ነው፣ የሌላ አገር ሰው ትርፍ ገንዘብ ነው። እዚህ ድርቅ፣ እዚያ ዝናብ ከሆነ፣ የድሃው ሰው አሮጌ ጠመንጃ ከሚተኩሰው ክላሽ ይልቅ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ሁለቱም ቦታ አንድ ላይ የደረቀ እንደሆነ ግን የሚይዘው የለም። ያ ዓመት ሁለቱም ቦታ የደረቀበት ነበር።

ሐሳቡ ትክክል መሰለኝ። ሰውየው እውነት ተናግሯል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛ ሐሳብ ለውሸትም ያገለግላል።

ገዢው ለመሄድ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ያኛውስ?» አለ።

ሁላችንም ወደሚያይበት አየን። ከጠመንጃው ጎን፣ እዚያው ችንካር ላይ አሮጌ ዝናር ተንጠልጥሏል፤ የጥይት ቀበቶ ማለት ነው። ባዶ፣ በላብ የጠቆረ፣ አንዱ ጎን አይጥ የበላው። ጠመንጃው ሲጸዳ ዝናሩን ማንም አላሰበውም፤ የሚተኩስ ነገር አይደለም።

ቅንጃው ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ። ዝናሩን አውርዶ የጥይት ኪሶቹን አንድ በአንድ ይጨምቅ ጀመር፤ ከዚያ ከወገቡ ካራውን መዘዘ። «ስፌቱን እንፍታው። ከዚህ በፊትም ወርቁ እዚህ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር።»

«መቼ ጠረጠርህ?» አሉ እናቴ።

«አሁን።»

አያ ተነሱ። እርሳቸው ፈጥነው ሲነሱ አይቼ አላውቅም። «ካራህን መልስ» አሉት።

«ቅንጃዬ፣ ብትጠይቀኝ ይህ ሰው...»

«በሬው ዛሬ ጠዋት ቆሞ አልነበረም። አይተኸዋል፤ በየቀኑ ታያለህ። ወርቅ ኖሮበት ከሆነ ይኑርበት። ካራህን መልስ።»

እውነት ነበር፤ ቀዩ በሬ ያን ቀን ጠዋት በሰው ተደግፎ ነው የተነሳው። ቅንጃው ካራውን መለሰ። አያ ዝናሩን ወሰዱ፣ አላራገፉትም፣ አቧራውን እንኳ እፍ አላሉትም። ገዢው አጠገብ ተቀምጠው ጋቢያቸውን በሁለቱም እጆች ላይ ጣሉት።

ጋቢው ለረጅም ጊዜ ተወዛወዘ። አንዴ ገዢው ሳቀ፣ አንዴ አያ እጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ መልሶ ያዛቸው። እናቴ የባላቸውን ፊት፣ ቅንጃው የጋቢውን እጥፋት፣ እኔ የገዢውን ዓይን እንጠብቃለን። ሦስታችንም ምንም አላነበብንም። ከዚያ ጋቢው ተገለጠ፣ ገዢው ዝናሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ሄደ። ዋጋው ስንት እንደነበር አያ ለእኔ ቀርቶ ለቅንጃቸውም አልነገሩም። ቅንጃው እስከ ዛሬ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

በማግስቱ ግን ከአምደወርቅ በኩል ጭድ የጫኑ አህዮች ግቢው ገቡ፤ ከዚያ በኋላም ደጋግመው ገቡ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቢሆንም ገባ። ቀዩ በሬ የጎድን አጥንቱ በሩቅ እየታየ ከቅንጃው በሬ ጋር ተጠመደ። የመጀመሪያው ትልም ጠማማ ነበር። አያ መሬታቸውን ለማንም ለእኩል አልሰጡም።

አንድ ነገር ግን አላረፈልኝም። ዓመታት አልፈው፣ ጦርነቱ አብቅቶ መንገዱ ሲከፈት፣ ለሥራ ላሊበላ ሄጄ አንድ የእንግዳ ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው ላይ እንደ አያ ዓይነት ውጅግራዎች ተሰቅለዋል፣ የዛጉ፣ የጠቆሩ፣ ደረቅ ጠፍር የታሰረባቸው። አንዱም አልተፋቀም። ዋጋቸውን ጠየቅሁ፤ ገዢው መጀመሪያ ከጠራው ብዙ እጥፍ ነበር። ስለ ጥቁረቱ አልዋሸም እንግዲህ። «ዝናርስ አለ?» አልሁ። ሻጩ፣ «ዝናር ሲመጣ አያድርም» አለኝ። «ጠመንጃውን ፈረንጅ ያደንቀዋል እንጂ በአውሮፕላን ይዞት አይሄድም። ዝናሩን ግን ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል።»

መንገዱን ሁሉ ይህን ሳሰላስል ተመለስሁ። ገዢው መጀመሪያውኑ የመጣው ለዝናሩ ይሆን? የጠመንጃውን ነገር ያነሳው ዓይናችንን ከችንካሩ ለማራቅ ይሆን? ወይስ እንዳለው፣ እየወጣ ሳለ በአጋጣሚ ነው ያየው? ሁሉንም ለአያ በተርታ አስረዳኋቸው፣ በጣቴ መሬት ላይ እየሣልሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እኔ ስደራደር ዓይኑን ስታይ አልነበርህም?» አሉኝ።

«አዎ፣ አየው ነበር።»

«ታዲያ ምን አየህ?»

«ምንም።»

«እኔ ጣቱን ይዤ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ጣት ጨመርሁበት» አሉና ወደ በረቱ ወጡ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እርስዎም ይሞክሩት። ከቤትዎ ያረጀ አንድ ዕቃ ይምረጡ። አይጠቡት፣ አይጠግኑት፣ ስፌቱን አይፍቱ። መጀመሪያ ሊሠራበት ለሚችል ጎረቤት ያሳዩት፣ ቀጥሎ ከሩቅ ለመጣ ሰው ያሳዩት፤ ስንት እንደሚሰጡ ከመስማትዎ በፊት ሁለቱም መጀመሪያ የቱን ቦታ እንደሚነኩ ልብ ይበሉ። ከሩቅ የመጣው ሰው ዕቃውን ጥሎ ሲወጣም በሩን ቶሎ አይዝጉበት፤ ዞር ብሎ የሚያየውን ይዩ።